የውቅያኖስን ሆድ የሚለኩ ሮቦቶች፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ውቅያኖስ ምርምር ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምረናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ ኤልኒኞ ስላለ ክረምቱ ሊያንስ ይችላል» ሲባል እንሰማለን። ፓስፊክ ከእኛ ይህን ያህል ርቆ ሳለ ከወራት በፊት እንዴት ይታወቃል? ትንበያውስ አንዳንዴ ለምን ይስታል? (የግብርና ባለሙያ፣ ከደሴ)

የሚታወቀው ውሃውን በመለካት ነው፤ ያውም ላዩን ብቻ ሳይሆን ሥሩን። በደህናው ጊዜ በምድር ወገብ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል እየገፋ ያከማቸዋል፤ በፔሩ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል። ነፋሱ ሲላላ የተከማቸው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ጉዞው የሚጀምረው ግን ዓይን በማያየው፣ ከ100 እስከ 200 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ውስጥ ነው። ኬልቪን ሞገድ ይባላል፤ ፓስፊክን ለማቋረጥ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። ትንበያ የሚቻለውም በዚህ የጊዜ ልዩነት ነው።

ሙቀት የሚለካው ሳተላይት የሚያየው የውሃውን ቆዳ ብቻ ነው። የባሕር ጠለልን ከፍታ የሚለካው ደግሞ ሙቁ ውሃ ያበጠበትን ቦታ ያሳያል፣ ሙቀቱ በየትኛው ጥልቀት እንደተቀመጠ ግን አይነግርም። ስለዚህ በፓስፊክ ምድር ወገብ ግራና ቀኝ ወደ 70 የሚጠጉ፣ መልሕቅ የተጣለላቸው ተንሳፋፊዎች ተዘርግተዋል። መረቡ ታኦ ይባላል፤ የተሟላው በ1994 ነው። ከላይ ነፋስና የአየር ሙቀት፣ ከታች በሽቦ ላይ በተደረደሩ ሴንሰሮች እስከ 500 ሜትር ድረስ የውሃውን ሙቀት ይለካል። የባለሙያዎቹ መለያ መስመር ይህ ነው፦ ከምድር ወገብ በ5 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ፣ በምዕራብ ኬንትሮስ ከ120 እስከ 170 ዲግሪ ባለው ሣጥን ውስጥ የላይኛው ውሃ ሙቀት ከመደበኛው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ወራትን ከቆየ ኤልኒኞ ይባላል።

ትንበያው የሚስትበት አንዱ ምክንያት የወቅቱ ጠባይ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ፓስፊክ ወዲያም ወዲህም ሊያዘነብል ይችላል፤ በእነዚህ ወራት ወይም ከዚያ በፊት የተሰጠ ትንበያ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ለእኛ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ የክረምት እርሻ ውሳኔ የሚወሰነው በዚሁ ጊዜ ነው። በሚያዝያ የወጣውን ትንበያ እንደ ጥቆማ ይያዙትና የሰኔውን ሲያገኙ ያመሳክሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው እጅ ያለበት ነው። የታኦን ተንሳፋፊዎች እየዞረች ትጠግን የነበረችው መርከብ በ2012 በበጀት ምክንያት ከሥራ ወጣች። ዓሣ አጥማጆች ከተንሳፋፊዎቹ ላይ መሣሪያ መንቀላቸውና መረባቸውን ማሰራቸው ደግሞ የቆየ ችግር ነው። በ2014 መጀመሪያ ከመረቡ ይመጣ የነበረው መረጃ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2015፣ ብርቱው ኤልኒኞ መጣ፤ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁ የመጣው በመረቡ መበላሸት አይደለም፤ ትንበያው ጨርሶ ያልታወረውም ክፍተቱን ሌሎች መሣሪያዎች ስለሸፈኑት ነው። ያን ጊዜ የጎደለው መለኪያ ግን ወደ ኋላ ተሂዶ አይሞላም።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። «ኤልኒኞ መጣ» የሚለው ዜና ለወሎና ለቦረና አንድ ትርጉም የለውም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ክረምቱን ያሳንሳል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ግን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዝናብ ይጨምራል፣ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ። ከ2020 እስከ 2023 መጀመሪያ ላኒና (የኤልኒኞ ተቃራኒ፣ ፓስፊክ የሚቀዘቅዝበት) ሲደጋገም በዚያው በደቡቡ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል። ስለዚህ የፓስፊክን ዜና ሲሰሙ የሕንድ ውቅያኖሱንም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አርጎ ስለሚባሉት ተንሳፋፊ ሮቦቶች አንብቤ ነበር። ሞተርና መቅዘፊያ ሳይኖራቸው እንዴት 2000 ሜትር ወርደው ይመለሳሉ? ምን ምን ይበላሽባቸዋል? (መካኒካል መሐንዲስ፣ ከሜሪላንድ)

ምሥጢሩ ዘይት ነው። መሣሪያው ከአንቴናው ጋር ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚስተካከል፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ጥቂት ከፍ የሚል የብረት ሲሊንደር ነው። ከውስጡ የዘይት ማጠራቀሚያና ፓምፕ፣ ከታችኛው ጫፉ ላይ ደግሞ ከውሃው ጋር የሚገናኝ የጎማ ከረጢት አለው። ፓምፑ ዘይቱን ወደ ከረጢቱ ሲገፋ የመሣሪያው ክብደት ሳይለወጥ መጠኑ ይሰፋል፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲመለስ ይሰምጣል። በዚህ ሁሉ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ዘይት እንደ ሞዴሉ ጥቂት መቶ ሚሊሊትር ነው። በ2000 ሜትር ላይ ግን ፓምፑ የሚታገለው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ነው፤ ባትሪውን በዋናነት የሚበላውም ይኸው ሥራ ነው።

ፓምፑ ሳይሠራ መሣሪያው በ1000 ሜትር ላይ እንዴት ረግቶ ይቆያል? ይህን መሐንዲስ ይወደዋል ብለን እናምናለን። የሲሊንደሩ አካል ከባሕር ውሃ ያነሰ ነው የሚጨመቀው። ጥቂት ወደ ታች ቢንሸራተት በዙሪያው ያለው ውሃ ከእሱ ይልቅ ስለሚጨመቅ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወደ ላይ ቢወጣም በተቃራኒው ይሆናል። ሚዛኑን ራሱ ያገኛል ማለት ነው። አካሉ ከውሃው የበለጠ የሚጨመቅ ቢሆን ኖሮ አንዴ መስመጥ የጀመረ መቆሚያ አይኖረውም ነበር።

የሥራ ዑደቱ 10 ቀን ነው። በ1000 ሜትር ላይ ከወራጁ ጋር እየተንሳፈፈ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይቆያል፤ ወደ 2000 ይወርዳል፤ ከዚያ በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ያህል እየወጣ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ግፊትን ይለካል። መውጣቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ላይ ሲደርስ ቦታውንና መረጃውን በሳተላይት ይልክና እንደገና ይሰምጣል። በቀድሞው የሳተላይት ሥርዓት ለመላክ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ላይ መቆየት ነበረበት፤ በዚያ ጊዜ ነፋስ ይወስደዋል፣ አልጌም ይይዘዋል። አሁን ኢሪዲየም በሚባለው የሳተላይት መረብ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ከመሬትም ትእዛዝ ይቀበላል።

ሙቀትን በ0.002 ዲግሪ ትክክለኛነት ነው የሚለካው። ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በግሪንሃውስ ጋዞች ምክንያት ምድር ላይ ከሚጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው፤ የላይኛው 2000 ሜትር ግን ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ በአማካይ በዓመት የሚሞቀው ጥቂት ሺኛ ዲግሪ ብቻ ነው። በተራ ቴርሞሜትር ይህ ለውጥ አይታይም።

ወደ ብልሽቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚነገር አለ።

የመጀመሪያው ብልሽት የሚጀምረው መርከብ ላይ ነው። የጨዋማነት መለኪያው ውሃ የሚያልፍበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፣ በጉዞ ላይ አቧራ እንዳይገባበትም በትንንሽ ክዳኖች ይዘጋል። እነዚህ ክዳኖች ሳይነሱ መሣሪያው ውሃ ውስጥ ከተጣለ ዓመታትን የማይረባ ቁጥር ሲልክ ይኖራል፤ ተመልሶ የሚያነሳውም የለም። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹን ሞዴሎች በማግኔት ያስነሷቸዋል፤ መሣሪያው ራሱን እስኪፈትሽና ከረጢቱ እስኪነፋ ይጠብቃሉ፤ በውስጡ ያለው ከፊል ባዶ አየር አለመቀነሱን ያያሉ (ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያስገባል ማለት ነው)፤ ክዳኖቹን ነቅለው ይቆጥሩና ይመዘግባሉ፤ መርከቧ ፍጥነቷን ወደ አንድ ሁለት ኖት ስትቀንስ ከኋላዋ በገመድ በቀስታ ያወርዱታል። መወርወር የለም።

ሁለተኛው የግፊት ሴንሰር ነው። በ2009 ከአንድ የምርት ወገን የመጡ ሴንሰሮች ውስጣቸው ያለው ዘይት በጥቂቱ እንደሚያፈስ ታውቆ አዳዲስ መሣሪያዎች ለወራት ሳይላኩ ቆይተዋል። ግፊት ከተሳሳተ ጥልቀት ይሳሳታል፤ ጥልቀት ከተሳሳተ ደግሞ ትክክለኛው የሙቀት ቁጥር የማይገባው ቦታ ላይ ይጻፋል። አሳሳቹ ስሕተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሮቹ ሁሉ ጤነኛ ይመስላሉ።

ሦስተኛው የጨዋማነት መንሸራተት ነው። ከ2015 ገደማ ጀምሮ ከተሠሩት ሴሎች ብዙዎቹ ከጊዜ ጋር ውሃውን ከሆነው በላይ ጨዋማ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ውጤቱ ሩቅ ነው የሄደው፦ በሳተላይት የተለካው የባሕር ጠለል ከፍታና የውሃው ማበጥ ከየብስ ከሚገባው ውሃ ጋር ተደምሮ የተሠላው ከፍታ ከ2016 ወዲህ አልገጥም ብለው ነበር፤ አንዱ ምክንያት ይህ መንሸራተት ሆኖ ተገኝቷል። ማረሚያው ጥልቁ ውሃ ነው። ከ1500 ሜትር በታች ያለው ጨዋማነት በብዙ ቦታ ለዓመታት እምብዛም አይለወጥም፤ የመሣሪያውን ንባብ መርከብ በጥንቃቄ ከለካው ጋር አመሳክረው ልዩነቱን ይቀንሳሉ። ስለዚህ «ሮቦት ስላለ መርከብ አያስፈልግም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ሮቦቱን የሚያርመው መርከቡ ነው።

የቀረው ባጭሩ ነው፦ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ሄዶ ጭቃ ይይዘዋል፤ በዋልታ አካባቢ በረዶ ይገጥመዋል፤ የሊትየም ባትሪው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ያልቅና ከነአካሉ ይሰምጣል። የበረዶው መላ ብልሃት አለበት፦ መሣሪያው ወደ ላይ ሲቃረብ ውሃው ወደ መቀዝቀዣው ነጥብ መጠጋቱን ካየ «ከላይ በረዶ አለ» ብሎ ይመለሳል፣ መረጃውንም እስከሚቀጥለው ይይዛል። የሰመጡት ባሕሩን ያቆሽሻሉ የሚል ወቀሳ አለ፤ ወቀሳው መሠረተ ቢስ ባይሆንም፣ በዓመት የሚጣሉት 800 ገደማ መሣሪያዎች ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ቆሻሻ አንጻር ኢምንት ናቸው። ፈልጎ ለማንሳት መርከብ መላክም የሚያቃጥለው ነዳጅ አለ።

ጥያቄ፦ መረጃው ነፃ ነው ይባላል። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ከየት ይጀምር? (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

እውነት ነፃ ነው፤ ምዝገባም አይጠይቅም። መረጃው መሣሪያው ከላከ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕዝብ ይወጣል። ሁለት ዓለም አቀፍ ማከማቻዎች አሉ፦ አንዱ በፈረንሳይ ብሬስት፣ ሌላው በአሜሪካ ሞንተሬይ። ይዘታቸው አንድ ስለሆነ የሚፈጥንልዎትን ይምረጡ።

መላውን ክምችት ለማውረድ አይሞክሩ። ማከማቻው በሁለት መንገድ ተደራጅቷል፤ በአንደኛው ፋይሎቹ በውቅያኖስ፣ በዓመትና በወር ተከፍለዋል፣ በሁለተኛው በእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር። መለያው ሰባት አሃዝ ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፦ በካርታ ላይ አንድ መሣሪያ ይምረጡ፣ የዚያን መሣሪያ የሁሉንም ዑደቶች ልኬት የያዘውን አንድ ፋይል ብቻ ያውርዱ። ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ለሳምንታት ሥራ ይበቃዎታል። ፋይሉ ኔትሲዲኤፍ በሚባል ቅርጽ የተቀመጠ ስለሆነ በኤክሴል አይከፈትም፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኤክስአሬይ የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይከፍተዋል። አርጎፓይ የሚባል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ላይብረሪም አለ።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ መለኪያ በሁለት መልክ ተቀምጧል፣ እንደመጣ የተመዘገበው እና የታረመው («አድጀስትድ» የሚል ቅጥያ ያለው)። ለምርምር የታረመውን ይውሰዱ። ፋይሉ የመረጃ ዓይነት የሚያሳይ ፊደልም አለው፦ «አር» ማለት ትኩስና በኮምፒውተር ብቻ የተፈተሸ፣ «ኤ» በራስ ሰር የታረመ፣ «ዲ» ባለሙያ አይቶ ያረመው። «ዲ» ለመሆን ብዙውን ጊዜ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ የጥራት ምልክቱን ይመልከቱ፤ 1 ጥሩ፣ 2 ጥሩ ሊሆን የሚችል፣ 3 መጥፎ ሊሆን የሚችል፣ 4 መጥፎ፣ 9 የጎደለ ነው። ለጀማሪ 1ን ብቻ መውሰድ አይጎዳም። 99999 የሚል ቁጥር ካዩ መለኪያ አይደለም፣ ባዶ ቦታ ነው፤ ሳያወጡት አማካይ ካሠሩ የሚቃጠል ውቅያኖስ ያገኛሉ። ቀኑ ከጥር 1 ቀን 1950 (በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 1) ጀምሮ በተቆጠረ የቀን ብዛት ተጽፏል። ጥልቀት ደግሞ በሜትር አልተጻፈም፤ በዴሲባር ግፊት ነው። 1 ዴሲባር ከ1 ሜትር ጋር ይቀራረባል፣ 1000 ዴሲባር ላይ ግን ልዩነቱ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጂኤስደብሊው የሚባለው ላይብረሪ ይቀይርልዎታል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ከሶቆጥራ ደሴት አካባቢ ወይም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አንድ መሣሪያ ይምረጡ። ጨዋማነቱን ከላይ ወደ ታች በግራፍ ይሣሉት። ከላይ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄድና ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና ከፍ ይላል። ያ እብጠት የቀይ ባሕር ውሃ ነው። ቀይ ባሕር በትነት ምክንያት እጅግ ጨዋማ ስለሆነ ከባድ ነው፤ በባብ ኤል መንደብ በኩል በሥር ወጥቶ ክብደቱን የሚመስል ጥልቀት ሲያገኝ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ይህን በራስዎ ግራፍ ላይ ካዩት የፋይል አያያዙን ተምረዋል ማለት ነው። ካላዩት መሣሪያዎ ወደ ደቡብ ርቆ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኢላት ኮራሎች የዓለሙ ኮራል ሲያልቅ የሚተርፉ ናቸው ይባላል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከአሽዶድ)

ግማሹ እውነት ነው። ኮራል ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ሲሆን በሥጋው ውስጥ አልጌ ያኖራል፤ ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከእሱ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው የሚመርዝ ኦክስጅን ማምረት ይጀምርና ኮራሉ ያባርረዋል፤ ነጩ አጽም ይታያል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ቶሎ ከቀዘቀዘለት ያገግማል። ባለሙያዎች የሚለኩት የሙቀቱን መጠንና የቆየበትን ጊዜ አባዝተው ነው። በዚያ ቦታ ከተለመደው በጣም ሞቃት ወር አማካይ ቢያንስ በ1 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ሁሉ በየሳምንቱ ይደመራል፣ ያለፉት 12 ሳምንታት ድምር ይያዛል። ድምሩ 4 ሲደርስ መንጣት ይጠበቃል፣ 8 ሲደርስ ሞት። ለምሳሌ ለ4 ሳምንት በ2 ዲግሪ ከበለጠ ድምሩ 8 ነው።

ኢላት የምትገኝበት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ልዩ የሆኑት በታሪካቸው ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የባሕር ጠለል ከአሁኑ በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። በቀይ ባሕር መግቢያ ላይ ያለው የወለል ጉብታ ደግሞ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው። ባሕሩ ከውቅያኖስ ሊቆረጥ ጥቂት ቀርቶት እጅግ ጨዋማ ሆነ፤ በኋላ ኮራሎች ከደቡብ እንደገና ሲገቡ ሞቃቱን የደቡብ ቀይ ባሕር ማለፍ ነበረባቸው። ያለፉት ሙቀት የለመዱ ናቸው፣ የሰፈሩት ግን ቀዝቀዝ ባለው ሰሜን ነው። ስለዚህ ከመንጣታቸው በፊት ብዙ ዲግሪ ትርፍ አላቸው። ትርፉ ግን ገደብ አለው፤ በፍሳሽ፣ በማዳበሪያና በነዳጅ የተዳከመ ኮራል ደግሞ ትርፉን ቀድሞ ይጨርሳል። በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ሲታወጅ ለዚህ ሰላጤ የቀረው ሥራ የሙቀት ሳይሆን የቆሻሻ ቁጥጥር መሆኑን የሚናገሩ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ እኛም እንስማማለን።

ጥያቄ፦ የማርስ ካርታ ከባሕር ወለል ካርታ ይሻላል የሚባለው እንዴት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

ምክንያቱ ብርሃንና ራዳር ውሃ ውስጥ ስለማይዘልቁ ነው። የምናየው ሰማያዊ ካርታ አብዛኛው የተሠላው ከሳተላይት ነው፤ የባሕር ወለል ተራራ በስበቱ ውሃውን በላዩ ላይ ያከማቻል፣ ሳተላይቱም ያንን ጉብታ ይለካል። ትንንሽ ነገር ግን አይታይም። በትክክል የሚለካው ከመርከብ ሥር በሚላክ የድምፅ ጨረር ነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 4000 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ ለመመለስ ከ5 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፣ መርከቧም መሮጥ አትችልም። የውሃው ሙቀትና ጨዋማነት ካልታወቀ የድምፁ ፍጥነት ይሳሳትና ሜዳው ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ሆኖ ይሣላል። በ2017 ሲቤድ 2030 የተባለው ፕሮጀክት ሲጀመር በዚህ መንገድ የተለካው ወለል 6 በመቶ ነበር፤ በ2025 አጋማሽ 27.3 በመቶ ደርሷል። በ2030 መቶ በመቶ ይሆናል የሚለው ግብ አይሳካም ባይ ነን፤ ቢሆንም ከ6 ወደ 27 መድረሱ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ከጭማሪው ብዙው ቀድሞ ተለክቶ በየመሥሪያ ቤቱ ተቆልፎበት የነበረ መረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የዚህ ምርምር ቀጣይ ምን ነው? ባሕር በር የሌላት አገርስ ምን ድርሻ ይኖራታል? (ከአንድ በላይ አንባቢ)

ቀጣዩ እቅድ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። አሁን በውሃ ላይ ያሉት አርጎዎች ወደ 4000 ይጠጋሉ። አዲሱ እቅድ 4700 እንዲሆኑ ነው፤ ከእነዚህ 1200ዎቹ እስከ 6000 ሜትር የሚወርዱ፣ 1000ዎቹ ደግሞ ኦክስጅን፣ ናይትሬት፣ ፒኤች፣ ክሎሮፊል፣ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ብናኝና ብርሃን የሚለኩ ይሆናሉ። ኦክስጅኑ የሚያስፈልገው ውቅያኖስ ከ1960 ወዲህ በግማሽ ምዕተ ዓመት 2 በመቶ ያህል ኦክስጅኑን ስላጣ ነው። ፒኤቹም እንዲሁ፤ ሰው ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ገደማ ውቅያኖስ ይውጣል፣ ሲውጥም አሲድነቱ ይጨምራል።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሙቀት፣ ጨዋማነትና ግፊት ብቻ የሚለካው መደበኛ መሣሪያ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይወጣበታል፤ ስድስቱን የሚለካው ከ100 ሺህ ያልፋል። ከመሣሪያዎቹ ግማሽ ያህሉን የምታቀርበው አሜሪካ ናት፤ በ2025 የቀረበው የፌዴራል በጀት ሐሳብ ደግሞ ይህን ሥራ የሚመራውን የኖአ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የምርምር ክፍል እንዲዘጋ የሚል ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የወሰነው ምንም ይሁን፣ የአንድ አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ ዓለም አቀፍ መረብ ምን እንደሚደርስበት ከላይ በታኦ አይተናል። ባትሪው አራት አምስት ዓመት ስለሚቆይ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ዛሬ ግዢ ቢቆም ካርታው ላይ ቀዳዳው ጎልቶ የሚታየው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዜናው የማይጮኸውም ለዚህ ይመስለናል።

ወደ ወደብ አልባዋ አገር ስንመጣ፣ ድርሻ አይኖራትም ማለት ስሕተት ነው። ኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች አሏት። በፈቃደኝነት የአየር ሁኔታ የሚመዘግቡ መርከቦች ሥርዓት ዓለም አቀፍ ነው፤ መርከቧ ፍጥነቷን ሳትቀንስ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የሚለቀቅ መለኪያም አለ። ይህ መለኪያ ኤክስቢቲ ይባላል፣ እስከ 760 ሜትር የሚወርደው ዓይነት የተለመደ ነው። ግፊት አይለካም፤ ጥልቀቱ የሚሠላው ከወደቀበት ሰከንድ ነው። የመውደቂያ ፍጥነቱ ቀመር ትንሽ ስለተዛባ የ1970ዎቹ ውቅያኖስ ከሆነው በላይ የሞቀ መስሎ ነበር፤ ስለዚህ የመለኪያውን ዓይነትና የተመረተበትን ጊዜ መመዝገብ ግዴታ ነው።

ከሶማሊያ ዳርቻ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በ2011 አካባቢ በባሕር ላይ ዝርፊያ ምክንያት የምርምር መርከቦች ስለሸሹት ሳይንቲስቶች የአሜሪካንና የአውስትራሊያን ባሕር ኃይል እርዳታ ጠይቀው ነበር መሣሪያዎቹን የጣሉት። የደቡብ ኢትዮጵያን ዝናብ ለመተንበይ ደግሞ ከሚያስፈልጉት ውሃዎች አንዱ ይኸው ነው። በአገር ውስጥ ተቋም ወይም በውጭ ባለ ማኅበር አንድ አርጎ ለመግዛት የሚያስብ ካለ ምክራችን ይህ ነው፦ ስድስቱን የሚለካውን ሳይሆን መደበኛውን ይግዙ፤ ጥልቀቱ ከ2000 ሜትር በላይ የሆነና ከዳርቻው የራቀ ቦታ ይምረጡ፤ ቀይ ባሕር ውስጥ ግን አይጣል፣ ከ137 ሜትሩ ጉብታ ስለማያልፍ እዚያው ዳርቻ እየተጋጨ ይቀራል። ከመግዛትዎ በፊት ብሬስት ለሚገኘው የማስተባበሪያ ማዕከል፣ ኦሽንኦፕስ፣ ይጻፉ። የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነና የትኛዋ መርከብ በዚያ እንደምታልፍ የሚነግርዎት እሱ ነው፤ መሣሪያው በሌላ አገር የባሕር ክልል ውስጥ ሊገባ ስለሚችልም የሚሰጠውን ማሳወቂያ ይይዝልዎታል።